ከሃርት አታክ በኋላ የሚመጣውን ብግነት ከደም ማውጣት፦ ማሽኑ፣ ኪኒኑና መርፌው ሲነጻጸሩ

ሕመምተኛው በሁለተኛው ቀን አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ተዘግቶ የነበረው የልቡ ደም ቅዳ ተከፍቷል፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚይዝ ስቴንት ገብቶለታል፣ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሕመምም ለቆታል። ቤተሰቡ እፎይ ብሏል። ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ይመጣል፦ ሆስፒታል ሲገባ 4 የነበረው የብግነት መለኪያ የሆነው ሲአርፒ የሚባለው ቁጥር 110 ደርሷል። ቤተሰቡ ይጠይቃል፦ «ቧንቧው ተከፍቶ የለም እንዴ? ታዲያ ይሄ ለምን ጨመረ? ከደሙ ውስጥ አጥቦ ማውጣትስ አይቻልም?»

ማውጣት ይቻላል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ማጣሪያ አለ። ከማጣሪያው ሌላ ብግነቱን ከምንጩ የሚያበርዱ ኪኒኖችና መርፌዎችም አሉ። ችግሩ፣ ሁሉም «ሲአርፒን ይቀንሳል» ተብለው ስለሚቀርቡ ለሚመርጠው ሰው አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ቁጥሩን ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ እየሞተ ያለውን የልብ ጡንቻ ማትረፍ ሌላ ነው፤ ከወራት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ቀጣይ ሃርት አታክ መከላከል ደግሞ ሦስተኛ ነው። አንዱን የሚሠራ ሌላውን ላይሠራ ይችላል። ከዚህ በታች የምመዝናቸው መንገዶች ሁሉ በእነዚህ ሦስት ነገሮች እየተፈተኑ ያልፋሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ሲአርፒ ልብ ላይ ምን ይሠራል?

ሲአርፒ፣ ሙሉ ስሙ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በ1930 በኒው ዮርኩ የሮክፌለር ተቋም ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ያገኙት ፕሮቲን ነው። የሚያመርተው ጉበት ነው፤ «አምርት» የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርስለት በዋናነት ኢንተርሉኪን-6 የተባለ መልእክተኛ ነው። አምስት ተመሳሳይ ክፍሎች ክብ ሠርተው እንደ አበባ ቅጠል ተያይዘው የሚፈጥሩት ቅርጽ አለው። ሕዋስ ሲጎዳ ሽፋኑ ላይ ፎስፎኮሊን የሚባል ነገር ይገለጣል። ሲአርፒ እዚያ ላይ ይለጠፍና ኮምፕሊመንት የሚባሉትን የመከላከያ ፕሮቲኖች ይጠራል፤ «ይህ አልቆለታል፣ አንሡት» እንደማለት ነው።

ባክቴሪያ ላይ ሲለጠፍ ይህ ሕይወት ያድናል። ሃርት አታክ ላይ ግን አሳዛኝ ስሕተት ይፈጠራል። ደም ተቋርጦበት የነበረው ጡንቻ ሁሉ አልሞተም፤ ዳር ዳሩ ላይ ኦክስጅን ተርቦ የተዳከመ፣ ነገር ግን ሊያገግም የሚችል ሕዋስ አለ። የእሱም ሽፋን ስለተለወጠ ሲአርፒ እንደ ሙት ቆጥሮ ይለጠፍበታል። ነፍስ ያለውን ከሞተው ጋር አብሮ ያስቀብረዋል።

የለንደን ተመራማሪዎች በ1999 ባወጡት ጥናት የልብ ደም ቅዳቸው የታሰረባቸውን አይጦች የሰው ሲአርፒ ሲወጓቸው የሞተው የጡንቻ ክፍል በ40 በመቶ ገደማ ሰፋ። የአይጦቹ ኮምፕሊመንት አስቀድሞ እንዲሟጠጥ ሲደረግ ግን ጉዳቱ አልታየም። በ2006 ደግሞ ሲአርፒን የሚያስር ሞለኪውል ሲሰጣቸው ጭማሪው ጉዳት ቀረ። በአሳማዎችም ላይ ሲአርፒን በማጣሪያ የማውጣት ሙከራ ተደርጎ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለሉ ረጋ ብዬ ልጻፋቸው።

አንደኛው፣ ከዘር ጋር የተያያዙ ትልልቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በተፈጥሮ ዘራቸው ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ሰዎች በዚህ ምክንያት ብቻ የልብ ደም ቅዳ በሽታ አይበዛባቸውም። ስለዚህ ለዓመታት ደም ቅዳን በማጥበብ ረገድ ሲአርፒ ምልክት እንጂ መንስኤ አይመስልም። ከሃርት አታክ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ተጎድቶ ባለ ጡንቻ ላይ የሚያደርገው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የማጣሪያው ሐሳብ የቆመውም በዚህኛው ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ብግነት ጠላት ብቻ አይደለም። የሞተውን ጡንቻ ጠርጎ በጠንካራ ጠባሳ የሚተካው ራሱ ብግነት ነው። በ1970ዎቹ ሃርት አታክ ለያዛቸው ሰዎች ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ የመስጠት ሙከራ ነበር፤ ጉዳቱን ሊያሰፋና የጠባሳውን ጥንካሬ ሊያጓድል ይችላል በሚል ስጋት ተተወ። ስለዚህ ጥያቄው «ብግነትን እናጥፋ ወይስ እንተው?» ሳይሆን «የትኛውን፣ መቼና ምን ያህል?» ነው።

## መመዘኛዎቹ

ስለ መንገዶቹ ከማውራቴ በፊት የምለካባቸውን አምስት ጥያቄዎች ላስቀምጥ።

ምን ይወስዳል፣ ምን ይተዋል? አንድ ፕሮቲን ብቻ የሚያወጣና ከመከላከያ ፕሮቲኖች እስከ መድኃኒት ድረስ ሁሉን ጠራርጎ የሚወስድ በአንድ ሚዛን አይለኩም።

በስንተኛው ሰዓት? ሲአርፒ ከጉዳቱ በኋላ ከ6 ሰዓታት ጀምሮ ይጨምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጫፍ ይደርሳል። ደም ውስጥ ካለው ግማሹ በ19 ሰዓታት ገደማ ይወገዳል፤ ጉበት ማምረቱን ካቆመ ሰውነት ራሱ ያጸዳዋል ማለት ነው። ጡንቻ ለማትረፍ የታሰበ ነገር ከዚህ ጫፍ በኋላ ቢመጣ ብዙም የሚያተርፈው የለውም።

ማስረጃው በዕጣ የተመደበ ነው ወይ? ማን ሕክምናውን እንደሚያገኝ ዕጣ ካልወሰነ፣ ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች መጀመሪያውኑ የተሻለ ጤና የነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያም የተለካው ነገር ምንድን ነው? የላቦራቶሪ ቁጥር? በኤምአርአይ የታየ የጠባሳ ስፋት? ወይስ ሞት፣ ዳግም ሃርት አታክና ስትሮክ? የእኔ ሚዛን ወደ መጨረሻው ያደላል።

ምን ይጎዳል? በተለይ ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስና ከሌሎች የልብ መድኃኒቶች ጋር መጋጨት።

ምን አቅም ይጠይቃል? ማሽን፣ የሠለጠነ ነርስ፣ ሰዓት፣ ተከታታይ ምርመራ፣ ገንዘብ።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱም የዋናውን ሕክምና ቦታ አይተካም። በስቴሚ ዓይነት (የልብ ደም ቅዳ ሙሉ በሙሉ በተዘጋበት) ሃርት አታክ ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓታት ውስጥ፣ ባስቸኳይም፣ ቧንቧውን መክፈት፤ አስፒሪንና ሁለተኛ ደም አቅጣኝ፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት)፤ ሲጋራ ማቆም። የሞተ ጡንቻ የሚቀንሰው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ብግነቱም የሚቀንሰው የሞተው ጡንቻ ትንሽ ሲሆን ነው።

## ሲአርፒን ብቻ የሚይዘው ማጣሪያ

ሕክምናው አፌሬሲስ ይባላል። ሕመምተኛው ክንዶቹን ዘርግቶ ይተኛል። ከአንዱ ክንድ ደም ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ማሽኑ ቀዩን የደም ሕዋስ ከቢጫው ፕላዝማ ይለያል፤ ፕላዝማው በአንዲት ሲሊንደር ውስጥ ያልፋል። ሲሊንደሯ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአጋሮስ እንክብሎች ፎስፎኮሊንን የሚመስል ሞለኪውል ተለጥፎባቸዋል። ሲአርፒ የተጎዳ ሕዋስ ያገኘ መስሎት እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የቀረው ፕላዝማ ከሕዋሱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰውየው ይመለሳል። ፔንትራሶርብ በሚል ስም ጀርመን ውስጥ የተሠራው ማጣሪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

አንዱ ዙር ወደ 6 ሊትር ፕላዝማ ያጣራል። የአንድ አዋቂ ሰው ፕላዝማ በአማካይ 3 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ሁሉም ሁለት ጊዜ ያህል ያልፋል ማለት ነው። ይህ በርካታ ሰዓታት ይፈጃል። መርፌ የገባበትን ክንድ ማጠፍ አይቻልም፤ አፍንጫ ለማከክ እንኳ ሰው መጥራት ሊያስፈልግ ይችላል። ደሙ መስመሩ ውስጥ እንዳይረጋ ሲትሬት ከተጨመረ ሲትሬቱ ካልሲየምን ስለሚይዝ ነርሷ «ከንፈርዎን ይነዝርዎታል?» እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ከነዘረው ካልሲየም ይሰጠዋል። ከባድ ሕክምና አይደለም፣ ቀላልም አይደለም።

አንድ ዙር ሲአርፒን በግማሽ ያህል ያወርዳል። ግን ማጣሪያው ደም ውስጥ ያለውን እንጂ ጉበት ውስጥ የሚመረተውን አይነካም። ለምሳሌ 100 የነበረው ወደ 50 ቢወርድ፣ ጉበት በቀጣዮቹ ሰዓታት እንደገና ይጨምርበታል። ለዚህ ነው በማግስቱና አንዳንዴ በሠልስቱ የሚደገመው።

ማስረጃው? በሰው ላይ ትልቁን ትኩረት ያገኘው ካሚ-1 የተባለው የጀርመን ጥናት ሲሆን በ2021 ታትሟል። በበርካታ ሆስፒታሎች 83 የስቴሚ ሕሙማን ተካተዋል፦ 38ቱ ማጣሪያውን አግኝተዋል፣ 45ቱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ። የመጀመሪያው ዙር የተጀመረው ሕመሙ ከጀመረ በ24 ሰዓታት አካባቢ ነው። ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት አልተመዘገበም። ማጣሪያ ባላገኙት ላይ ሲአርፒው በፍጥነት በጨመረ ቁጥር በኤምአርአይ የሚታየው ጉዳት ሰፊ ነበር፤ ማጣሪያውን ባገኙት ላይ ይህ ግንኙነት ጠፋ።

ይህ ውጤት ያስደስተኛል፤ ነገር ግን በልክ ነው የምቀበለው። 83 ሰው ጥቂት ነው። ምደባው በዕጣ አልነበረም። «ግንኙነቱ ጠፋ» ማለትም «በዕጣ ከተለየ ሌላ ቡድን ጋር ሲተያይ ጠባሳው ጠበበ» ከማለት ይለያል፤ «ሞት ቀነሰ» ከማለት ደግሞ በጣም ይርቃል። ጥናቱ የሚያረጋግጠው ሕክምናው ሊደረግ እንደሚችልና በእነዚያ ሰዎች ላይ ደኅና እንደነበረ ነው። ሐሳቡ በሥነ ሕይወት በኩል የጠራ፣ መሣሪያውም መርጦ የሚወስድ ስለሆነ ከማሽኖቹ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው፤ የምመክረው ግን በጥናት ውስጥ ብቻ ነው።

ደም ግፊቱ የወረደበት፣ ደም የሚፈሰው፣ ወይም ትልቅ መርፌ የሚቀበል ደም ሥር የሌለው ሰው ላይ ጥቅሙና ጉዳቱ እንደገና መመዘን አለበት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን የሚመጣ ሰው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል።

## ሁሉን የሚወስዱ ማሽኖች

ፕላዝማን አውጥቶ በአልቡሚን ወይም በለጋሽ ፕላዝማ የሚተካው ሕክምና ሲአርፒንም ይወስዳል። ግን የሚያረጉ ፕሮቲኖችንና ፀረ እንግዳ አካላትንም አብሮ ይወስዳል። ለነርቭና ለደም በሽታዎች ትልቅ ባለውለታ ነው፤ ለሃርት አታክ ብግነት ግን ለትንኝ መድፍ ነው።

ሳይቶካይን የሚባሉትን መልእክተኞች የሚመጥጡ ማጣሪያዎችም አሉ፤ ሳይቶሶርብ የታወቀው ነው። እዚህ ላይ ገዢ ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር አለ። ይህ ማጣሪያ በደንብ የሚይዘው እስከ 60 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ የሚመዝኑ ሞለኪውሎችን ነው። ሲአርፒ ክብደቱ የዚያ እጥፍ ገደማ ነው። «ብግነትን ያጣራል» ሲባል የሚታሰበውን ፕሮቲን በቀጥታ ለማውጣት የተሠራ አይደለም።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ይኸው ማጣሪያ ቲካግሬሎር የተባለውን ደም አቅጣኝ ከደም ይመጥጣል፤ በአውሮፓም ቲካግሬሎር የወሰደ ሰው አስቸኳይ የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት መድኃኒቱን ለማውጣት እንዲያገለግል ተፈቅዶለታል። በዚያ ቦታ በረከት ነው። ትናንት ስቴንት የገባለት ሰው ግን ስቴንቱ እንዳይዘጋ የሚጠብቀው ይኸው መድኃኒት ነው። ብግነት እናጣራ ብሎ ያንን ማውጣት ትልቁን አደጋ መጥራት ነው።

ሰፊ ማጣሪያ «ቢያንስ አይጎዳም» ለሚልም በ2021 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ልብ ላይ ሳይሆን በኮቪድ-19 ጸንቶባቸው ሰው ሠራሽ ሳንባ ላይ በነበሩ 34 ሕሙማን ላይ በዕጣ የተደረገ ነው። በ30ኛው ቀን በሕይወት የነበሩት ማጣሪያው ከተደረገላቸው 17 ውስጥ 3፣ ካልተደረገላቸው 17 ውስጥ 13 ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስለ ሃርት አታክም አይፈርድም። ማጣሪያ ሁሉ ገለልተኛ እንዳልሆነ ግን ያስተምራል።

## ኮልቺሲን

ይህ ለሪህ ሲሰጥ የኖረ ጥንታዊ መድኃኒት ነው፤ መነሻው ኮልቺኩም የተባለ አበባ ነው። ከደም ምንም አያወጣም። የነጭ ደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ ይገታል፣ ኢንተርሉኪን-1 የተባለው ሌላ የብግነት መልእክተኛ የሚለቀቅበትንም መንገድ ያዳክማል፤ በዚያ ሰበብ ኢንተርሉኪን-6 ይቀንሳል፣ ጉበትም ሲአርፒ ማምረቱን ይቀንሳል። ውኃን ከምንጩ እንደመቀነስ ነው።

ማስረጃው ሰፊ ቢሆንም እርስ በርሱ ይጋጫል። ኮልኮት የተባለው ጥናት በ2019 የታተመ ሲሆን ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ሃርት አታክ የያዛቸው 4,745 ሰዎች ነበሩበት። በቀን 0.5 ሚሊግራም የወሰዱት 5.5 በመቶዎቹ፣ የማስመሰያ ኪኒን የወሰዱት ደግሞ 7.1 በመቶዎቹ ለሞት፣ ለዳግም ሃርት አታክ፣ ለስትሮክ ወይም ለመሳሰለው አደጋ ተዳረጉ። በ2020 ሎዶኮ2 የቆየ የልብ ደም ቅዳ በሽታ ባለባቸው 5,522 ሰዎች ላይ 31 በመቶ ቅናሽ አሳየ። በ2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር 0.5 ሚሊግራሙን ለልብ በሽታ ፈቀደ።

ከዚያ በ2024 ክሊር ሲነርጂ መጣ። 7,062 ሰዎች፣ ሃርት አታክ እንደያዛቸው የተጀመረ፣ ለሦስት ዓመት ገደማ የተከታተለ። ለእነዚህ አደጋዎች የተዳረጉት ኮልቺሲን ከወሰዱት 9.1 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 9.3 በመቶ ነበሩ፤ ማለትም ልዩነት የለም። ሲአርፒው ግን ኮልቺሲን በወሰዱት ላይ ቀንሶ ነበር! ከላይ «ቁጥሩን ማውረድ አንድ ነገር ነው» ያልኩት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከኮልኮት በኋላ በወጣ ተጨማሪ ትንተና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የጀመሩት የበለጠ የተጠቀሙ መስሎ ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም «ቶሎ ይጀመር» አሉ። ክሊር ሲነርጂ ቶሎ ጀመረ፤ ጥቅሙ ግን አልታየም። ጥናቱ ካለቀ በኋላ በመከፋፈል የሚገኝ ውጤት ፍንጭ እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ጉዳቱ በዋናነት ተቅማጥ ነው፤ በኮልኮት የሳንባ ምችም ትንሽ ከፍ ብሎ ታይቷል (0.9 በመቶ ከ0.4 በመቶ)። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ክፉኛ ለተዳከመ ሰው አይሰጥም። ክላሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ ተከማችቶ ሊገድል ይችላል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ማርከሻ ስለሌለው ልጆች የማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። እነዚህን ካለፍን፣ ርካሽና የታወቀ ኪኒን መሆኑ ትልቅ ብልጫው ነው።

## መርፌዎቹ

ካናኪኑማብ ኢንተርሉኪን-1 ቤታን ያግዳል። በ2017 የታተመው ካንቶስ፣ ቀድሞ ሃርት አታክ ይዟቸው ሲአርፒያቸው 2 ሚሊግራም በሊትርና ከዚያ በላይ በሆነ 10,061 ሰዎች ላይ፣ በየሦስት ወሩ 150 ሚሊግራም ሲሰጥ ዋናዎቹን የልብ አደጋዎች 15 በመቶ ቀነሰ። ኮሌስትሮልን ሳይነካ! ብግነትን ማብረድ ራሱ ልብን እንደሚጠብቅ ያረጋገጠው ይህ ነው። ሆኖም ለሞት የሚዳርግ ኢንፌክሽን ጨመረ፣ ጠቅላላ የሞት ቁጥርም አልቀነሰም፤ የአሜሪካው አስተዳደርም ለልብ እንዲውል አልፈቀደም። ዋጋውም ለብዙኃኑ የሚደፈር አይደለም።

ቶሲሊዙማብ የኢንተርሉኪን-6ን ተቀባይ ይዘጋል፤ ጉበትን የሚያዝዘውን አፍ እንደመድፈን ነው። በኖርዌይ የተካሄደው አሳይል-ኤምአይ (2021) 199 የስቴሚ ሕሙማን ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓታት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ 280 ሚሊግራም ወይም ማስመሰያ በደም ሥር ሰጣቸው። ከአደጋው የተረፈው የጡንቻ ድርሻ መድኃኒቱን ባገኙት 69.3 በመቶ፣ ማስመሰያ ባገኙት 63.6 በመቶ ሆነ። የመጨረሻው የጠባሳ ስፋት ግን በአስተማማኝ ደረጃ አልተለየም። በጥሩ መልኩ በዕጣ የተሠራ፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ፣ ማሽንም የማይፈልግ ነው። «ጡንቻ ማትረፍ» በሚለው መመዘኛ እስካሁን ከማጣሪያው የተሻለ የማስረጃ ጥራት ያለው እሱ ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ በሞትና በዳግም ሃርት አታክ ላይ ግን 199 ሰው መልስ አይሰጥም።

ዚልቲቬኪማብ ኢንተርሉኪን-6ን ራሱን ይይዛል። በ2021 የታተመው ሬስኪው 264 የኩላሊት ሕሙማን ላይ ሲአርፒን እንደ መጠኑ ከ77 እስከ 92 በመቶ አወረደ። ይህ የሲአርፒ ማጣሪያው በአንድ ዙር በአማካይ ከሚያወርደው ይበልጣል፣ ግን ቁጥር ነው። ዚዩስና አርቴሚስ የተባሉት ሙከራዎች የተዘጋጁት ቁጥሩ ወደ ሕይወት ይለወጥ እንደሆነ ለመለየት ነው።

## ቀድሞ የታዘዘው ስታቲን

ስታቲን የኮሌስትሮል ብቻ መድኃኒት አይደለም። ጁፒተር የተባለው ጥናት በ2008 በ17,802 ሰዎች ላይ ሮዙቫስታቲን 20 ሚሊግራም ሲአርፒን በ37 በመቶ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ፕሩቭ-ኢት በ2004 ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዟቸው ሆስፒታል በገቡ 4,162 ሰዎች ላይ አቶርቫስታቲን 80 ከፕራቫስታቲን 40 ሚሊግራም ይልቅ ሞትንና ዋና ዋና የልብ አደጋዎችን በ16 በመቶ ቀነሰ። የማሽን ዋጋ ሲያስጨንቀው ስታቲኑን «ደኅና ነኝ» ብሎ ያቆመ ሰው ካለ፣ በእጁ የነበረውን የተረጋገጠ ነገር ጥሎ ያልተረጋገጠውን እየፈለገ ነው።

## አትፈልጓቸው

ሜቶትሬክሴት (ሰርት በተባለው ጥናት፣ 4,786 ሰዎች) ሲአርፒንም አላወረደም፣ ልብንም አልጠቀመም። ፔክሴሊዙማብ የተባለው የኮምፕሊመንት መርፌ በ2007 በ5,745 ሕሙማን ላይ ሞትን አልቀነሰም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ «የብግነት መድኃኒት» ስለተባሉ ይረዳሉ ብሎ መውሰድ ከሃርት አታክ በኋላ አደገኛ ነው፤ ዳግም ሃርት አታክን ያበዛሉ።

## በአንድ ገጽ

| መንገድ | ምን ይነካል | መቼ | ማስረጃው | ዋናው ጉዳት | የሚጠይቀው |
|---|---|---|---|---|---|
| የሲአርፒ ማጣሪያ | ሲአርፒን ብቻ | ከ24 ሰዓታት አካባቢ ጀምሮ፣ 2 ወይም 3 ዙር | 83 ሰው፣ ያለ ዕጣ፤ ኤምአርአይ | የደም መስመርና የደም ግፊት ችግር | ማሽን፣ የሠለጠነ ቡድን፣ ብዙ ሰዓት |
| ፕላዝማ መተካትና ሳይቶካይን ማጣሪያ | ብዙ ነገር፣ መድኃኒት ጭምር | ለዚህ ዓላማ የተረጋገጠ ጊዜ የለውም | ለሃርት አታክ ብግነት አያስመክርም | ቲካግሬሎርን ወይም መከላከያ ፕሮቲኖችን ማጣት | ጽኑ ሕክምና ክፍል |
| ኮልቺሲን | የነጭ ደም ሕዋስን እንቅስቃሴ | ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ | ትልልቅ፣ በዕጣ፤ የሚጋጩ | ተቅማጥ፣ የመድኃኒት ግጭት | ርካሽ ኪኒን፣ የኩላሊት ምርመራ |
| ቶሲሊዙማብ | የኢንተርሉኪን-6 ተቀባይን | በ6 ሰዓታት ውስጥ፣ አንዴ | 199 ሰው፣ በዕጣ፤ ኤምአርአይ | ኢንፌክሽን | ውድ መርፌ |
| ካናኪኑማብ | ኢንተርሉኪን-1 ቤታን | ከሃርት አታኩ በኋላ፣ በየ3 ወሩ | 10,061 ሰው፣ በዕጣ፤ አደጋን ቀንሷል | ለሞት የሚዳርግ ኢንፌክሽን | እጅግ ውድ |
| ስታቲን | ኮሌስትሮልንና ብግነትን | ወዲያውኑ፣ ዕድሜ ልክ | እጅግ ጠንካራ | የጡንቻ ሕመም | ርካሽ ኪኒን |

## ለማን የትኛው?

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ላይ ያለ፣ የጉዳቱ ስፋት ትልቅ የሆነ ሕመምተኛ። ሆስፒታሉ የሲአርፒ ማጣሪያን ወይም የኢንተርሉኪን-6 መርፌን በዕጣ የሚመረምር ጥናት ካለው መግባቱን እደግፋለሁ። ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸድቋል? የዋናው ሕክምና አንድም ነገር ይዘገያል? ወጪውን የሚሸፍነው ማነው? ለሦስተኛው መልሱ «እናንተ» ከሆነ፣ ቤት ሸጦ ወይም ተበድሮ የሚገባበት ማስረጃ አሁን የለም። ጥናት ከሌለ ባለማግኘታችሁ የተረጋገጠ ነገር አላመለጣችሁም፤ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ሳምንታት ወይም ወራት ያለፉት፣ መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ ሲአርፒው አሁንም ከ2 በላይ የሆነ። ማጣሪያ ለእሱ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ የስታቲኑ መጠን፣ ሲጋራ፣ ክብደት፣ የድድ ቁስልን የመሰለ የተደበቀ ኢንፌክሽን ይታይ። ከዚያ ኮልቺሲን 0.5 ሚሊግራም ከሐኪም ጋር የሚወያዩበት ምክንያታዊ አማራጭ ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2023 መመሪያም «ሊታሰብ ይችላል» ይላል፤ «ይሰጥ» አይልም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የኩላሊት ሕመምተኛ። ኮልቺሲን ላይ ጥንቃቄ፤ ኩላሊቱ ክፉኛ ከደከመ አይሆንም። ዲያሊሲስ የሚያደርግ ሰው «ደሜ እየታጠበ ስለሆነ ሲአርፒውም ይወጣል» ብሎ እንዳይጽናና፤ ተራው የዲያሊሲስ ማጣሪያ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ፕሮቲን ቀዳዳው ጠባብ ነው።

ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ያለበት። ከሃርት አታኩ ጋር የሳንባ ምች ከያዘው፣ የሲአርፒው መጨመር ሰውነቱ የሚዋጋበት ምልክት ሊሆን ይችላል። የኢንተርሉኪን መርፌዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይቁሙ፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይታከም።

ግዢ የሚወስን የሆስፒታል ኃላፊ። አፌሬሲስ ማሽኑ ለሌላ በሽታ ቀድሞ ካለና ቡድኑ ከሠለጠነ፣ በሙከራ ውስጥ መግባት ተመጣጣኝ ነው። ለሃርት አታክ ብግነት ብቻ አዲስ ማሽን መግዛት ግን የበለጠ ጥቅም ከሚሰጥ ሥራ ላይ ገንዘብ መውሰድ ነው። ሕመምተኛው ከበር ገብቶ ቧንቧው እስኪከፈት ያለውን ደቂቃ ማሳጠር፣ ሌሊትም የሚሠራ ቡድን ማቆምና ስታቲን ሳይቋረጥ እንዲደርስ ማድረግ ቀድመው ይምጡ።

ስለ ምርመራው ራሱም አንድ ነገር፦ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የሚለካው ሲአርፒ በጣም ዝቅ ያለውን መጠን የሚለይ ዓይነት መሆኑን ላቦራቶሪውን ጠይቁ። ጉንፋን ይዟችሁ፣ ጥርስ ተነቅሎላችሁ ወይም ቆስላችሁ ሳለ አትለኩ። ከ10 በላይ ከሆነ ስለ ልብ ከማሰብ በፊት ኢንፌክሽን ይፈለግና ከሳምንታት በኋላ ይደገም። ውሳኔ የሚሰጥበት ከሆነ ደግሞ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።